ከየመን የመጡት እጨጌ፡ አባ ዕንባቆምና በግዕዝ የተነበበው የቡድሃ ታሪክ

ስለ አስማት መጻሕፍትና ስለ ቡድሃ ትምህርት ሲነሳ ብዙዎቻችን ሁለተኛው ነገር ከኛ በጣም የራቀ ይመስለናል፡፡ አስማቱስ ይሁን፤ ክታብ የሚጽፍ ደብተራ አለ፣ አውደ ነገሥት የሚገልጥ አለ፣ ወረቀት በቆዳ ሰፍቶ ክንድ ላይ የሚያስር ፈቂ አለ፡፡ ቡድሃ ግን የሕንድና የቻይና፣ የታይላንድና የጃፓን ጉዳይ ነው እንላለን፡፡ ነገሩ እንደዚያ አይደለም፡፡ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ከ1553 ጀምሮ በግዕዝ ተጽፎ በገዳሞቻችን ሲነበብ ኖሯል፤ ያውም አንባቢው ቡድሃ መሆኑን ሳያውቅ፡፡ ይህን መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የመለሱት ሰው ደግሞ የመን ውስጥ ከሙስሊም ቤተሰብ ተወልደው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከመሆን የደረሱት አባ ዕንባቆም ናቸው፡፡ በዚህ ጽሑፍ የእኚህን ሰው ሕይወትና ያ መጽሐፍ የያዘውን ጉዳይ ለማየት እሞክራለሁ፡፡ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

የአባ ዕንባቆም የመጀመሪያ ስማቸው አቡል ፈትህ ነው፡፡ የተወለዱት በ1470ዎቹ ገደማ ነው፡፡ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ገና በወጣትነታቸው ሲሆን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ነጋዴ ነበሩ ይሏቸዋል፡፡ ይህ ለአሶሳ ሰው እንግዳ ነገር መሆን የለበትም፡፡ የቤኒሻንጉልን ወርቅ ፍለጋ ከሱዳን ይመጡ የነበሩት ጀላባዎች ይዘውት የመጡት ጨርቅና ጨው ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋና ሃይማኖት፣ የጽሕፈት ጥበብና የመድኃኒት ዕውቀትም አብሮ መጥቷል፡፡ የቀይ ባሕርም ንግድ እንደዚሁ ነው፡፡ ልዩነቱ፣ አቡል ፈትህ ያላቸውን ሊሰጡ ሳይሆን ሌላ ነገር ተቀብለው ሊቀሩ መምጣታቸው ነው፡፡

መቼም ሃይማኖት መቀየር በአንድ ሌሊት የሚሆን ነገር ተደርጎ ሲተረክ ደስ ይላል፡፡ የእሳቸው ግን እንደዚያ አልሆነም፡፡ ቁርኣንን የተማሩ ሰው ነበሩና በውስጡ ስለ ዒሳና ስለ መርየም የተነገረው ነገር ያሳስባቸው ጀመር፡፡ ያንን ይዘው ለዓመታት ሲጠይቁና ሲከራከሩ ቆይተው በመጨረሻ የደብረ ሊባኖሱን አበምኔት አባ ጴጥሮስን አገኙ፡፡ ተጠመቁ፣ ዕንባቆም ተባሉ፣ መነኮሱ፡፡ ስሙ የነቢዩ ዕንባቆም ነው፤ ያ ነቢይ እግዚአብሔርን ለምን ዝም ትላለህ ብሎ የሚሞግት ነቢይ ስለሆነ፣ ስሙን ያወጣላቸው ሰው ጠባያቸውን ያወቀ ይመስለኛል፡፡

ደብረ ሊባኖስ በዚያን ጊዜ ተራ ገዳም አልነበረም፡፡ ጳጳሱ ከግብጽ ስለሚመጡ፣ ከአገሬው ካህናት ከፍተኛውን ሥልጣን የሚይዘው የደብረ ሊባኖስ አበምኔት ነበር፤ እጨጌ የምንለውም እሱን ነው፡፡ አባ ጴጥሮስ ሲያርፉ፣ በ1523 ገደማ፣ በቦታው የተተኩት እኚሁ የመን ተወላጅ ናቸው፡፡ ከተክለ ሃይማኖት ጀምሮ ሲቆጠር አሥራ አንደኛው ማለት ነው፡፡ እስቲ አስቡት! በዘመኑ ቤተ መንግሥቱ ከሙስሊም ሱልጣኔቶች ጋር በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይዋጋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ትልቁ የአገር ውስጥ መንበር ግን አረብኛ አፉን ለፈታ ሰው ተሰጠ፡፡

ይህ ሹመት የመጣው በቋንቋቸው ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም፡፡ ገድላቸው ብዙ ቋንቋዎችን ያውቁ እንደነበር ይተርካል፡፡ አፄ ልብነ ድንግል የዮሐንስ አፈወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ ከአረብኛ ወደ ግዕዝ እንዲመልሱ ያዘዟቸውም እሳቸውን ነው፡፡ አቡሻክር የሚባለው የዘመን አቆጣጠር መጽሐፍ ትርጉምም ለእሳቸው ይሰጣል፡፡ በ1520 የፖርቹጋል መልእክተኞች ወደ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት መጥተው ስድስት ዓመት ያህል ሲቆዩ፣ የውጭውን ዓለም ወሬ በቅርብ ለመስማት ዕድሉ የነበራቸው ሰው ነበሩ፡፡ ይሁን እንጂ የውጭ ተወላጅ መሆን ዋጋ ያስከፍላል፡፡ ለንጉሡ ታማኝ አይደሉም ተብለው ተከሰሱ፤ ለጊዜውም ተግዘው ቆዩ፡፡ ምሕረት ተደርጎላቸው ተመለሱ እንጂ፣ ሁለቱም ወገን የኔ ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ የማይቀበለው ሰው የሚገጥመው ነገር ደረሰባቸው፡፡

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፡፡ ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግልን ድል አደረጉ፤ በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፡፡ በገዳሙ የነበሩት መጻሕፍት አብረው ነደዱ፡፡ እጨጌው ከቦታ ቦታ የሚሰደዱ ሰው ሆኑ፡፡

በ1540 ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር አደረጉ፡፡ ለኢማሙ ጻፉላቸው፡፡ ጽሑፉ አንቀጸ አሚን ይባላል፤ የእምነት በር እንደማለት ነው፡፡ አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠልና መነኮሳትን መግደል እንዲቆም የሚጠይቅ፣ ለምን ሃይማኖታቸውን እንደቀየሩም የሚያስረዳ ነው፡፡ ነገሩን ልዩ የሚያደርገው፣ መከራከሪያውን በብዛት የሚያወጣው ከቁርኣን መሆኑ ነው፡፡ ሱራዎቹን በአረብኛ ስማቸው እየጠራ፣ ይህ መጽሐፍ የምታምኑበት ነው፣ እስቲ ምን እንደሚል አብረን እንይ በሚል መንፈስ ይሄዳል፡፡ በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማግኘት ይከብዳል፡፡ ሆላንዳዊው ምሁር ቫን ዶንዜል በ1969 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ላይደን ላይ አሳትሞታል፡፡

አንቀጸ አሚን የክርክር መጽሐፍ ነው፤ ሙስሊም አንባቢ በብዙ ቦታ አይስማማበትም፣ መስማማትም አይጠበቅበትም፡፡ እዚህ ላይ ማን ረታ የሚለው የኛ ዲፓርትመንት ሥራ አይደለም፡፡ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፡፡ ገዳማቸው የተቃጠለባቸው፣ በስደት ላይ ያሉ ሰው፣ ያቃጠላቸውን ወገን በሰይፍ ሳይሆን በጋራ ንባብ ለመያዝ መሞከራቸው ነው፡፡ ከሁለቱም መጻሕፍት ጋር ያደገ ሰው ካልሆነ ይህን የሚሞክር የለም፡፡

አፄ ልብነ ድንግል በዚያው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ አረፉ፤ ኢማሙ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተገደሉ፡፡ ልጃቸው አፄ ገላውዴዎስ የተረከቡት የተቃጠለ አገር ነበር፡፡ በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ሰው ወዶም ተገዶም ሃይማኖቱን ቀይሮ ስለነበር፣ ማን ወዴት ይመለስ፣ እንዴት ይመለስ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ሆኖ ነበር፡፡ በሌላ በኩል የፖርቹጋል ወታደሮች ያደረጉትን እርዳታ ተከትሎ የሮማ ጥያቄ እየመጣ ነው፡፡ ንጉሡ በ1555 የእምነት መግለጫቸውን የጻፉት በዚህ ግፊት መካከል ነው፡፡ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1553፣ አባ ዕንባቆም ለዚሁ ንጉሥ በረላም ወይዋስፍ የሚባለውን መጽሐፍ ከአረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ፡፡

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው፡፡ በሕንድ አገር አንድ ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ ንጉሥ ነበር፡፡ ልጅ ሲወለድለት ኮከብ ቆጣሪ መጥቶ ልጁ ታላቅ ይሆናል፣ ታላቅነቱ ግን በአንተ መንግሥት አይደለም አለው፡፡ ንጉሡ ደንግጦ ልጁን ይዋስፍን በተዋበ ቤተ መንግሥት ዘጋበት፤ በሽታ፣ እርጅና፣ ሞት የሚባል ነገር እንዳያይና እንዳይሰማ አዘዘ፡፡ ልጁ አድጎ አንድ ቀን ሲወጣ ለምጻምና ዕውር አየ፡፡ ሌላ ቀን ደግሞ ጥርሱ የረገፈ፣ የጎበጠ ሽማግሌ አየ፡፡ ይህ በኔም ላይ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀ፡፡ ይደርሳል ተባለ፡፡ ከዚያ በኋላ ዕንቅልፍ አልነበረውም፡፡ በረላም የሚባል ባሕታዊ በነጋዴ ልብስ ተሰውሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባና አስተማረው፤ ልጁም ውሎ አድሮ ዙፋኑን ትቶ በረሃ ወረደ፡፡

ስለ ቡድሃ ትንሽ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል፡፡ ይህ እኮ ከክርስቶስ ልደት አምስት መቶ ዓመት ያህል በፊት የኖረው የሲድሃርታ ጎታማ ታሪክ ነው! ትንቢቱ፣ የተዘጋው ቤተ መንግሥት፣ በሽተኛው፣ ሽማግሌው፣ የተተወው ዙፋን፣ ሁሉም አለ፡፡ ስሙ ራሱ ይመሰክራል፡፡ ቡድሃ ከመሆኑ በፊት የሚጠራበት ማዕረግ ቦዲሳትቫ ነው፡፡ ታሪኩ በፋርስ በኩል ወደ አረብኛ ሲገባ ቡዳሳፍ ሆነ፡፡ አሶሳ ውስጥ ቁርኣን ቤት የገባ ማንኛውም ልጅ የሚያውቀውን ነገር እዚህ ላይ ላስታውስ፤ በአረብኛ በቃል መጀመሪያ ላይ ባና ያ ቅርጻቸው አንድ ነው፣ የሚለያቸው ከሥር ያለው ነጥብ ነው፣ ለባ አንድ ለያ ሁለት፡፡ አንድ ጸሐፊ አንድ ነጥብ ጨመረና ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፡፡ ከዚያ በጆርጅያኛና በግሪክኛ እየተለወጠ ዮአሳፍ፣ በላቲን ዮሳፋት፣ በግዕዝ ይዋስፍ፡፡ በአንዲት ነጥብ ምክንያት ቡድሃ የክርስቲያን ቅዱስ ሆኖ በሮማ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን መዝገብ ውስጥ ሳይቀር ገባ፡፡ የአውሮፓ ምሁራን ነገሩን በሥርዓት ያረጋገጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፡፡ በሙስሊሞች ዘንድም ታሪኩ በራሱ መንገድ ኖሯል፤ ኢስማኢሊዎች ጠብቀውት ቆይቶ በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ቦምቤ ላይ ታትሟል፡፡

አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ፡፡ የግሪኩ ቅጂ በመግቢያው ታሪኩ የመጣው ሕንድ ከሚባለው የኢትዮጵያውያን ውስጠኛ አገር ነው ይላል፡፡ የጥንት ሰዎች ሕንድንና ኢትዮጵያን ያቀላቅሉ ነበርና ነው፡፡ ስለዚህ አባ ዕንባቆም መጽሐፉን ወደ ግዕዝ ሲመልሱ፣ የኛ ነው ተብሎ የተወራለትን ነገር ወደኛ አመጡት ማለት ነው፡፡ የበረላም በረሃም በዚያው ቅጂ ሰናአር ይባላል፤ ጎረቤታችን የፉንጅ ስናር እንዳይመስላችሁ፣ የባቢሎን ምድር ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ ስለ ማየት፡፡ በረላም በነጋዴ ልብስ ሲመጣ የልጁን ጠባቂ ያታለለው እንዲህ ብሎ ነው፤ አንድ የከበረ ድንጋይ ይዣለሁ፣ ዕውር ያበራል፣ ዲዳ ያናግራል፣ ነገር ግን ዓይኑ ጤነኛ ያልሆነና ሰውነቱ ንጹሕ ያልሆነ ሰው ቢያየው ያለውንም ብርሃን ያጣል አለው፡፡ ጠባቂው ራሱን ስለሚያውቅ ለማየት አልደፈረም፤ ልጁ ዘንድ አስገባው፡፡ ድንጋዩ በርግጥ ትምህርቱ ነው፡፡ ሌላም ምሳሌ አለ፤ አንድ ንጉሥ አራት ሣጥን አሠራ፣ ሁለቱን በወርቅ ለብጦ የበሰበሰ አጥንት ሞላባቸው፣ ሁለቱን በቅጥራን ቀብቶ ዕንቁና ሽቶ ከተተባቸው፡፡ ሹማምንቱ የትኛውን እንደመረጡ መናገር አያስፈልግም፡፡ ደግሞ ከአውሬ ሲሸሽ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ሰው አለ፡፡ ከሥሩ ዘንዶ አፉን ከፍቷል፣ ነጭና ጥቁር አይጥ፣ ማለትም ቀንና ሌሊት፣ ግንዱን ይቆረጥማሉ፣ እሱ ግን ከቅጠሉ የሚንጠባጠብ ማር እየላሰ ሁሉን ረስቶታል፡፡ ይህን ምሳሌ ሕንዶች ከክርስቲያኖቹ በፊት ያውቁታል፡፡

ቡድሂስቶች ይህንን ወደ ልምምድ ቀይረውታል፡፡ በእነሱ ትምህርት ሰው ራሴ የሚለው ነገር አምስት ነገሮች ተደራርበው የሠሩት ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ያየነውን ለይቶ ስም የሚሰጠው ማስተዋላችን ነው፡፡ ዓይን ያያል፣ ምኞትና ፍርሃት ግን ያየነውን ቀለም ይቀቡታል፡፡ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን እየተከታተሉ የሚለማመዱት፣ ነገሩን ምኞት ሳይቀባው ለማየት ነው፡፡ የኛ ባሕታውያን መንገዱ የተለየ ነው፤ ጸሎት አለበት፣ ፈጣሪ አለበት፡፡ የአራቱን ሣጥን ምሳሌ ግን ሁለቱም ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል፡፡

አስማቱስ? በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ትልቅ ጠንቋይ አለ፡፡ ንጉሡ ልጁን ማሳመን ሲያቅተው ይህን ሰው ያስጠራል፡፡ ጠንቋዩ ቆነጃጅት አስልኮ፣ አጋንንት ልኮ ልጁን ሊያስት ይሞክራል፡፡ አልሆነለትም፡፡ መጨረሻ ላይ ራሱ ተረትቶ የአስማት መጻሕፍቱን ሰብስቦ ያቃጥላቸዋል፡፡ የግዕዝ አንባቢ ይህን ሲያነብ ማንን እንደሚያስብ ለመገመት አይከብድም፡፡ ከመቶ ዓመት በፊት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጠንቋዮችና በአስማት ላይ ብርቱ ዘመቻ አድርገው ነበር፤ አልጠፋም፡፡ ልፋፈ ጽድቅ ከሙታን ጋር ተቀበረ፣ መርበብተ ሰሎሞን ተነበበ፣ ክታቡም በባለቤቱ ቁመት ልክ ብራና እየተለካ ተጻፈ፡፡

ክታብ አይቶ የሚያውቅ ሰው ከሁሉም በፊት የሚያስታውሰው ዓይኖቹን ነው፡፡ በጠልሰሙ መካከል ትልልቅ ዓይኖች ያፈጥጣሉ፡፡ ሥራቸውም ማፍጠጥ ነው፤ በሽተኛው ያያቸዋል፣ በሽተኛው ውስጥ ያለው ጋኔን ደግሞ በእሱ ዓይን በኩል አይቷቸው ይሸሻል ተብሎ ይታመናል፡፡ ይህም ራሱን የቻለ ስለ ማየት የሚናገር ትምህርት ነው ብዬ አስባለሁ፡፡ ቡዳም በዓይን ይበላል ይባል የለ? (ቡዳና ቡድሃ በድምፅ ይመሳሰላሉ እንጂ ምንም ዝምድና የላቸውም፤ የሳንስክሪቱ ቃል የነቃ ማለት ነው፡፡) ጠልሰምና ክታብ የሚሉት ቃላት ደግሞ ዘመዶቻቸው አረብኛ ውስጥ አሉ፤ ጥልሰምና ኪታብ፡፡ አውደ ነገሥትም የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል በቁጥር እየመነዘረ ዕጣ ሲያወጣ፣ በአረብኛው ዓለም ያለውን የፊደል ቆጠራ ያስታውሳል፡፡

እዚሁ አሶሳ ነገሩ ጎን ለጎን ይታያል፡፡ በኛ አቆጣጠር በ1977 እና 78 ዓ.ም. ከድርቁ በኋላ ከወሎ የሰፈሩ ቤተሰቦች ክታቡን በቆዳ ሰፍተው አንገት ላይ ያስሩ የነበረውን ልማድ ይዘው መጥተዋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፡፡ በበርታው ዘንድ ደግሞ እንደ ሱዳኑ ሒጃብ ይታሰራል፤ በሎህ ላይ የተጻፈውን የቁርኣን ቃል አጥቦ ውሃውን ለታመመ ማጠጣትም በሱዳንና በዙሪያው የታወቀ ነው፡፡ ጸበሉን የሚጠጣው ጎረቤት ይህን አይቶ አይደነቅም፡፡ ዑለማውም ካህኑም ሲገስጹት የኖሩት ነገር በሁለቱም ቤት ይገኛል፡፡ በዚህ በኩል አባ ዕንባቆም ከጠንቋዩ ወገን አይደሉም፤ መጽሐፋቸው አስማት ይቃጠል የሚል ነው፡፡ አቡሻክርን የመሰለ የዘመን ቆጠራ መጽሐፍ መተርጎማቸው ግን ከአስማት ጋር መምታታት የለበትም፤ ያ ሒሳብ ነው፡፡ ሕዝቡ ሁለቱን ማደባለቁ የራሱ ጉዳይ ነው፡፡

የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ትርጉም ብቻ ነው፣ የራሱ የሆነ ነገር የለውም ብሎ የሚያጣጥል ሰው ክፍል ውስጥም ይገጥመናል፡፡ እኔ አልስማማም፡፡ በረላም ወይዋስፍ የማንም የራሱ አይደለም፤ የግሪኩም ትርጉም ነው፣ የላቲኑም ትርጉም ነው፣ የአረብኛውም እንደዚሁ፡፡ ጥያቄው ማን መቼ ለምን ተረጎመው ነው፡፡ ዙፋን ሊያድን አሥራ አምስት ዓመት ያህል የተዋጋ ቤተ መንግሥት ፊት፣ ዙፋኑን ጥሎ የወጣ ልዑልን ታሪክ ማስቀመጥ ቀላል ድፍረት አይደለም፡፡ ደግሞም በነጋዴ ልብስ ከሩቅ አገር የመጣ መነኩሴ ቤተ መንግሥት ገብቶ ሲያስተምር የሚያሳይ መጽሐፍ ነው፡፡ ተርጓሚው ራሳቸውን እዚያ ውስጥ አላዩም ብሎ ማመን ይቸግረኛል፡፡

አፄ ገላውዴዎስ በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፡፡ አባ ዕንባቆምም ከዚያ ብዙ አልቆዩም፤ በ1560ዎቹ ውስጥ፣ ወደ ዘጠና ዓመት ዕድሜ ላይ ሆነው እንዳረፉ ይገመታል፡፡ ገድላቸው ተጽፎላቸዋል፤ ጣሊያናዊው ላንፍራንኮ ሪቺ በ1950ዎቹ አሳትሞታል፡፡ የደብረ ሊባኖስ ማኅበር ከጦርነቱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከቦታው ተፈናቅሎ ቆይቶ የእጨጌው መንበር በጎንደር ዘመን አዘዞ ላይ ሆነ፡፡ በረላም ወይዋስፍን ግን ዛሬ በታተመ መልክ ማንበብ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የእንግሊዛዊው ዋሊስ ባጅ በ1923 ያወጣው ሁለት ቅጽ ነው፡፡ ባጅ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነበር፤ ስለ ክታብና ስለ ልፋፈ ጽድቅም ጽፏል፡፡ ሙዚየሙ ከያዛቸው የግዕዝ ብራናዎች ብዙዎቹ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው፤ አሁን ያሉት ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፡፡